አቃቂ የተጀመረው ሰበታ ላይ ይቀጥል

ከ1997 ጀምሮ አቃቂ በሚገኝ ፋብሪካ የሚሠሩ ወዛደሮች በየስድስት ወሩ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ክንዳቸውን ለመርፌ ሰጡ። በዚያው ዓመት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ተከተሏቸው። (በዚህ ርዕሰ አንቀጽ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ ኤችአይቪ በደሙ የተገኘበት ተራ ኢትዮጵያዊ የሚውጠው ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት አልነበረውም። ሐኪሙ የሚያደርግለት ተጓዳኝ በሽታዎቹን ማከም፣ መምከርና ማጽናናት ብቻ ነበር። ሠራተኞቹ ግን መጡ። ዓመት ከዓመት እየተመላለሱ ደማቸውን ሰጡ፤ ስለ ኑሯቸውና ስለ ገመናቸው የተጠየቁትን መለሱ። መንግሥት መድኃኒቱን በነፃ ማደል የጀመረው በ2005 መጀመሪያ ነው። ያን ቀን ሳያዩ ያለፉ አሉ።

የእነዚህ ሰዎች ደም የገባበት ቤት ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው፣ ጉለሌ የሚገኘው የያኔው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። በ1994 የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ መንግሥታት ተስማምተው እዚያ ግቢ ውስጥ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ከፈቱ። ፕሮጀክቱ ቤተ ሙከራ አደራጀ፣ ወጣት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን አሠለጠነ፣ ከመካከላቸውም አምስተርዳም ድረስ ሄደው ዶክትሬታቸውን የያዙ ወጡ። ከዚያ እንደማንኛውም ፕሮጀክት ዘመኑ አለቀ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ።

በዚህ ታሪክ ላይ የዝግጅት ክፍላችን ፍርድ አለው። ተመራማሪዎቹ የተጣለባቸውን አደራ ተወጥተዋል፤ ደም ሰጪዎቹም ከሚጠበቅባቸው በላይ ሰጥተዋል። ያልተወጣው ሥራውን በራሱ በጀት ተረክቦ ማስቀጠል የነበረበት መንግሥት ነው። ያ ጉድለት ዛሬም አልታረመም፤ የሚታረምበት ቦታ ደግሞ አሁን በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ናቸው ብለን እናምናለን። ለምን እንደዚያ እንደምንል ከመናገራችን በፊት የተሠራው ሥራ ምን ያህል እንደነበረ አንባቢ ይወቅልን፤ በአገራችን ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ኤችአይቪ ሰውነትን የሚያዳክመው ሲዲ ፎር የሚባሉትን የነጭ ደም ሴሎች እያጠፋ ነው። በሽተኛው መድኃኒት ይጀምር ወይስ ይቆይ የሚለው ለብዙ ዓመታት የሚወሰነው በእነዚህ ሴሎች ቁጥር ነበር። የመለኪያው ቁጥር ግን የተነሳው በአመዛኙ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች ደም ነው። ፓስተር የነበሩት ተመራማሪዎች፣ ከነሱም መካከል ዶክተር ፀሐይነሽ መሠለና አስቴር ፀጋዬ፣ የጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ደም ከጤነኛ ኔዘርላንዳውያን ጋር ሲያስተያዩ ያገኙት ነገር አስደንጋጭ ነበር። ቫይረሱ የሌለበት፣ ጤነኛና ሠርቶ አዳሪ ኢትዮጵያዊ የሲዲ ፎር ቁጥሩ ከኔዘርላንዳዊው ጎልቶ ያነሰ ነው። ገና ጠላት ያላጋጠመው ሴል በደሙ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ሲዋጋ የኖረው ይበዛል። ይህ ከልጅነቱ ጀምሮ ከጥገኛ ትላትሎችና ከተደጋጋሚ ተላላፊ በሽታዎች ጋር ሲታገል ያደገ ሰውነት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጥያቄው ከባድ ነበር። ከመነሻው ዝቅ ባለ ቁጥር የሚኖር ሰው ቫይረሱ ሲይዘው ቶሎ ይሞታል ወይ? የሌላ አገር መለኪያ ተወስዶ ቢለካ ያለጊዜው በሽተኛ ይባላል ወይ? ለዚህ ቤተ ሙከራ ብቻውን መልስ ሊሰጥ አይችልም። መልሱ የሚገኘው አንድን ሰው ቫይረሱ ሳይዘው በፊት አውቆ፣ ከያዘውም በኋላ ዓመታት ከተከታተሉት ነው። የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች ትዕግሥት እዚህ ላይ ዋጋውን አወጣ። በ2005 በታተመው ጥናት መሠረት ከመያዛቸው በፊት የሲዲ ፎር ቁጥራቸው ዝቅ ያለ በነበረ ሠራተኞች ላይ ሕመሙ አልፈጠነም። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ክንድ፣ ስንት መርፌ፣ ስንት ዓመት እንደፈጀ አስቡት።

ሌሎችም ሥራዎች አሉ። የዶክተር ዳዊት ወልዳይና የባልደረቦቹ ጥናት በ2002 ታትሞ እንዳሳየው በአንጀታቸው ትላትል የነበረባቸው ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች የትላትሉን መድኃኒት ወስደው ሲድኑ በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን ቀነሰ። ይህን ጥያቄ አምስተርዳም ተቀምጦ የሚያነሳ ሰው አይገኝም። ወስፋትና ኮሶ በየቤቱ ባለበት አገር ያደገ ተመራማሪ ግን ያነሳዋል። አልማዝ አበበና ባልደረቦቿ ደግሞ አገራችን ውስጥ የሚዛመተው «ሲ» የተባለው የቫይረሱ ዝርያ የራሱ ንዑስ ቅርንጫፍ እንዳለው ለዩ፤ በቫይረሱ የዘር ለውጥ ፍጥነት አስልተውም ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን ጊዜ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ አደረጉት። በ1984 ተወስዶ ተቀምጦ በነበረ ደም ውስጥ የቫይረሱ ምልክት ተገኝቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች አዲስ አበባ ውስጥ የታወቁት በ1986 ነው። ስሌቱና ያ የተቀመጠ ደም ተገናኙ።

የሰዎቹን ሙያዊ ጉዞ ስንከተል ደግሞ ይህች አገር ምን ያህል ሰው አፍርታ እንደነበር ይታያል። ከፕሮጀክቱ በፊት የመጀመሪያውን ብሔራዊ የኤድስ መከላከያ ፕሮግራም የመራችው ዶክተር ደብረወርቅ ዘውዴ የበሽታ መከላከል ሳይንስ ምሁር ናት። ከአገር ወጥታ የዓለም ባንክን የኤችአይቪ ሥራ በዳይሬክተርነት መራች፤ ባንኩ በ2000 ለአፍሪካ አገሮች 500 ሚሊዮን ዶላር የመደበበት ፕሮግራም የእሷ አሻራ አለበት። ዶክተር ፀሐይነሽ መሠለ የፓስተሩ ኢንስቲትዩት ዋና ዳይሬክተር ሆነች፤ ከዚያም መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገውን የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር ከምሥረታው ጀምሮ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መራች። አስቴር ፀጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ሳይንስ መምህርት ሆና ከአንድ ትውልድ በላይ አስተምራለች። አንድ ፕሮጀክት ይህን ያህል ሰው ካወጣ ከሸፈ አይባልም።

ሰዎቹ ግን ተበተኑ እንላለን፤ ቃሉን አስበንበት ነው። አንዱ አስተዳዳሪ ሆነ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ የውጭ ድርጅት አማካሪ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ሄደ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሚያኮራ ነው። አንድ ጥያቄ ይዘው አንድ ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት የተቀመጡ ግን አልሆኑም፤ ወንበሩ ስላልነበረ። በእኛ አገር ጥሩ ተመራማሪ ሲሾም «ዕድገት» ይባላል፤ ከማይክሮስኮፑ ሲነሳ ግን ምርምሩ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ የለም። ደመወዙ ከቢሮ ኃላፊ የማያንስ፣ ሹመት ሳይፈልግ በሙያው የሚያረጅ ተመራማሪ እንዲኖረን እስካሁን መንገድ አላበጀንም።

ወንበር ሲኖር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌ ቅርብ ጊዜ አይተናል። አቃቂ ላይ ደም ሲቀዳ በነበረባቸው በእነዚያው 1990ዎቹ በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ዌስሊ ሰንድኲስት ስለ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ ነበር፤ የኤችአይቪን የዘር ቁስ የሚሸፍነው የፕሮቲን ቅርፊት እንዴት ተገጣጥሞ ይሠራል? ያን ጊዜ ጥያቄው መድኃኒት ያወጣል ብሎ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። ቤተ ሙከራው ግን አልተዘጋም። ዓመታት አልፈው ጊሊያድ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች ያንን ቅርፊት የሚያውክ ውህድ አገኙ፤ ሌናካፓቪር ይባላል። ቅርፊቱ በትክክለኛው ጊዜና ቦታ እንዳይፈታ፣ አዲስ የሚሠራውም በወጉ እንዳይገጣጠም ያደርጋል። በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ በስድስት ወር አንዴ ከቆዳ ሥር መወጋት ይበቃል። በ2022 ሌሎች መድኃኒቶችን ለተላመደ ቫይረስ ማከሚያ ተፈቀደ፤ በሰኔ 2025 ደግሞ ቫይረሱ የሌለባቸው ሰዎች እንዳይያዙ መከላከያ እንዲሆን የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደ። ከወር በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ለመከላከያ እንዲውል መከረ።

ይህ መድኃኒት መከላከል መቻሉ በመጀመሪያ የተረጋገጠው አፍሪካ ውስጥ ነው። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው 5,338 ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች በተሳተፉበት ሙከራ ሌናካፓቪር ከተወጉት 2,134 መካከል ቫይረሱ የያዘው አንድም ሰው አልነበረም። ውጤቱ በሰኔ 2024 ሲነገር የዓለም ሳይንስ ዓመታዊ ትልቅ ዜና ሆነ። በደቡብ አፍሪካ የሚበዛው የቫይረስ ዝርያ እኛ ዘንድ የሚበዛው «ሲ» ነው። ኡጋንዳና ደቡብ አፍሪካ ለዚህ ሙከራ የተመረጡት ተመራማሪዎቻቸው፣ የክትትል ቡድኖቻቸውና የሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻቸው ሳይፈርሱ ዓመታት ስለቆዩ ነው ብለን እናምናለን። እኛ በ1997 ከእነሱ ጋር አንድ መስመር ላይ ቆመን ነበር። በ2024 ስማችን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ይህ ያማል፤ ሊያመንም ይገባል።

ዋጋውን በተመለከተ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ዓመት መወጊያ ከ28,000 ዶላር በላይ ነው። ኩባንያው 120 ድሃና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮችን የሚያካትት ፈቃድ ለስድስት አምራቾች ሰጥቷል፤ ኢትዮጵያ ከአገሮቹ አንዷ ናት። በመስከረም 2025 እንደተነገረው የህንድ አምራቾች ከ2027 ጀምሮ በዓመት በ40 ዶላር ገደማ ያቀርባሉ። ፈቃድ ከተሰጣቸው አምራቾች መካከል አንድ የግብፅና አንድ የፓኪስታን ኩባንያ አሉ፤ ኢትዮጵያዊ የለም። መድኃኒቱ ይመጣል። ለማን ቀድሞ ይሰጥ፣ በስድስት ወሩ ተመልሰው የሚመጡት እነማን ናቸው፣ የማይመጡትስ ለምን ይቀራሉ የሚለውን ግን ከህንድ አይልኩልንም።

አሁን ወደ ሰበታ እንሂድ።

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የወጣ ሰው ዘነበወርቅን፣ የአለርት ሆስፒታልንና በውስጡ ያለውን የአርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት አልፎ ዓለም ገና ይደርሳል፤ ከዚያ ሰበታ ነው። ጠዋት በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው የፋብሪካ ሠራተኛ የሚጭኑትን አውቶቡሶች ያያል። አይካ አዲስ የተባለው ግዙፍ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዓለም ገና ላይ ሥራ ሲጀምር ከየክፍለ ሀገሩ ሺዎች ወጣቶች መጥተዋል። የአበባ እርሻው አለ፤ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ገፈርሳ ግድብ አጠገብ፣ በአዲስ አበባ ሠርቶ ቡራዩ የሚያድር ሰው ከተማ ሆናለች። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ናት፤ የሯጮች መለማመጃ፣ የውሃ ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች መገኛ። ሦስቱም የከተማይቱ በሮች ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ አገር አቀፍ የኤችአይቪ ጥናቶች ዋና ዋና መንገዶችን ተከትለው በየከተማው የተካሄዱት በር ምን እንደሚያስገባ ስለታወቀ ነበር።

አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይታ የምትኖር፣ የአሥራ ዘጠኝና የሃያ ዓመት ልጅ፣ ከቤተሰቧ ርቃ፣ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ። አቃቂ በ1997 የነበረው ይህ ነው። ዛሬ ያ አቃቂ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ ተስፋፍቷል። በ2017 እና በ2018 በአገራችን ከተሞች በተካሄደው ትልቅ የቤት ለቤት ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆናቸው የከተማ ነዋሪዎች ከመቶ ሦስቱ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ቫይረሱ ካለባቸው ጎልማሶች ከመቶ ሰባ ያህሉ በሕክምና መጠኑን አውርደውታል። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው ለፍቅር ጓደኛው አያስተላልፍም፤ ይህ ከሃያ ዓመት በፊት ቢነገር ማንም አያምንም ነበር። የቀሩት ሠላሳዎቹ እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ቫይረሱ እንዳለባቸው ያላወቁ ነበሩ። ይህ ጥናት አንድ ጊዜ የተነሳ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ማን እንደታመመ ያሳያል፤ እንዴት እንደተያዘና ሕክምናውን ለምን እንዳቋረጠ የሚነግረን ግን ዓመታት የሚቆይ ክትትል ነው። የጥናቱም ወጪ በአመዛኙ ከአሜሪካ መንግሥት የኤድስ ድጋፍ የተገኘ ነበር።

ያ ድጋፍ በጥር 2025 ድንገት ሲታገድ ምን እንደሆነ ሁላችን አይተናል። በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። ለጋሹን ለመውቀስ አልተነሳንም፤ ያ ገንዘብ የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ የሚያውቅ ያውቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2001 ጀምሮ በየመካነ መቃብሩ የሚቀበሩ ሰዎችን እያስመዘገበ ባካሄደው ክትትል መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ በኤድስ ምክንያት የሚመጣው የጎልማሶች ሞት በፍጥነት መውረዱ ተረጋግጧል። ዕድር የጨነቀውን፣ በየሳምንቱ ድንኳን የተተከለበትን ያን ዘመን የምናስታውስ ሰዎች ለዚህ ቁጥር አያስፈልገንም። ይሁንና የራሱን ሕዝብ ደም የሚያነብበት ዓይን በሌላ አገር ውሳኔ የሚከፈትና የሚዘጋ መንግሥት ሊተኛ አይገባም።

«ድሃ አገር እንዲህ ያለ ረጅም ምርምር አይችልም» የሚሉን አሉ። ሰበታ ራሷ መልስ አላት። ቀድሞ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራና ምርምር ማዕከል ይባል የነበረው፣ ዛሬ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም የሚገኘው እዚያው ሰበታ ነው። የከብት ደስታ በሽታ ከ1888 ጀምሮ የአገራችንን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ አመጣ፤ ሕዝቡ አለቀ። ያንን በሽታ ለማጥፋት ደብረ ዘይት ላይ ክትባቱ ተመረተ፣ ሐኪሞችና በአፋር በረሃ ሳይቀር የሠለጠኑ አርብቶ አደሮች ከብቱን ከተቡ፣ ቤተ ሙከራዎች ደሙን መረመሩ። ሥራው አሥርት ዓመታት ወሰደ፤ መንግሥታት ተለዋወጡ፣ ሥራው አልተቋረጠም። ኢትዮጵያ በ2008 ከበሽታው ነፃ ተባለች፤ ዓለም ሁሉ በ2011። የውጭ እርዳታ ነበረበት፤ ነገር ግን ተቋሙ የእኛ ነበር፣ እርዳታው ሲሄድ ተቋሙ አልሄደም። ለከብቱ የቻልነውን ለሰዉ አንችልም ማለት የሚያሳፍር ነው።

ስለ ሱሉልታና ስለ እንጦጦ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በ2000ዎቹ የእንጦጦ ማርያም ፀበል ቫይረሱ በደማቸው ባለባቸው ምእመናን ተሞልቶ ነበር፤ ብዙዎች መድኃኒቱን አቋርጠው ወጡ። ያን ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ ከእምነት ጋር እንደማይጋጭ በአደባባይ ማስተማራቸው ስንት ሰው እንዳተረፈ እግዚአብሔር ይቆጥረዋል። ማንኛውም ጥናት በዚያ አካባቢ ሲጀመር ቀሳውስቱን፣ ሼሆቹን፣ ፓስተሮቹንና የዕድር ዳኞቹን ከመጀመሪያው ቀን ሊያማክር ይገባል። የባህል መድኃኒቱም እንደዚሁ ነው። የፋርማሲው ሊቅ ፕሮፌሰር ቃለአብ አስረስና ባልደረቦቹ አዛምርን ጨምሮ የአገራችን ዕፅዋት ኤችአይቪን በቤተ ሙከራ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገቱ መርምረዋል፤ ተስፋ የሰጡም ነበሩ። በብልቃጥ ውስጥ ቫይረስን የገታ ሥር ግን ገና መድኃኒት አይደለም፤ «ያድናል» እያለ የሚሸጥ ሰው ሕዝቡን እየገደለ ነው። ከብልቃጡ እስከ ኪኒኑ ያለውን መንገድ የሚጨርስ ተቋም ሳይኖረን ዕፅዋታችንን እያወደስን ብቻ መኖር ይብቃን።

የጤና ሚኒስቴር፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የአርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩትና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከአሥር ዓመት የማያንስ የክትትል ጥናት እንዲከፍቱ እንጠይቃለን። ሌናካፓቪር በ40 ዶላር ሲመጣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ጥያቄና መልስ ከዚያ ይውጣ። መሠረታዊ ወጪው፣ ማለትም የተመራማሪው ደመወዝ፣ የናሙና ማቀዝቀዣው፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር፣ ከፌዴራል መንግሥት ግምጃ ቤት ይከፈል፤ የውጭ ገንዘብ ሲመጣ ይጨምርበት እንጂ አይሸከመው። የሸገር ከተማ አስተዳደር በሦስቱም ከተሞች ለዚህ የሚሆን ቦታና የጤና ጣቢያ ያዘጋጅ። ፋብሪካዎችና አበባ እርሻዎች ሠራተኞቻቸው ለክትትሉ የሚሄዱበትን ግማሽ ቀን ከደመወዝ ሳይቀንሱ ይፍቀዱ፤ በደሙ ቫይረስ የተገኘበት ሠራተኛ ስሙ ለአሠሪው እንዳይደርስ በሕግ ይታሰር። እንደ መቅድምና ተስፋ ጎሕ ያሉ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች ማኅበራት በአደባባይ ፊቱን ለመግለጥ ማንም ባልደፈረበት በ1990ዎቹ መጨረሻ የተቋቋሙ ናቸው፤ በጥናቱ የአስተዳደር ቦርድ ላይ ድምፅ ያለው ወንበር ይሰጣቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች ከሰጡት ደም ምን እንደተገኘ በሚገባቸው ቋንቋ ተጽፎ ለእነሱና ለልጆቻቸው ይድረስ። ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ታትሟል፤ ከዚያ ፋብሪካ የወጣ ጡረተኛ አያነበውም። በሰበታ ክንዷን የምትሰጠው ልጅ ቀድመዋት የሰጡት ሰዎች ምን እንዳተረፉ ካላወቀች ለምን ትመጣለች?

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትን የምንጠይቀው፣ ከዚያ በፊት በሚያጸድቁት የበጀት ዝርዝር ውስጥ ይህ ጥናት በስሙና በራሱ መስመር ተጽፎ እንዲገኝ ነው።